ውሃ ሲቀርብ ልደት ለምን ጨመረ?

ከአዳማ ተነስቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው አዋሽንና መልካሳን አልፎ ዴራ ሲደርስ ገና ከስምጥ ሸለቆው አልወጣም። ከፊቱ የአርሲ ተራሮች ደመና ለብሰው ይታዩታል፤ ዝናቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ደጋው ላይ ይቀራል። የዶዶታና የሂጦሳ ወረዳዎች ቆላማ ቀበሌዎች ድርቅን በደንብ ያውቁታል። ውሃ መቅዳት ደግሞ የሴት ሥራ ነው። በበጋ የቅርቡ ኩሬ ሲደርቅ እናት እንስራዋን ጀርባዋ ላይ በገመድ አስራ ትወጣለች፤ ሞልታ፣ ጎንበስ ብላ፣ እግሯን እየቆጠበች ትመለሳለች። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ የሸክላው ክብደት ገና አልተቆጠረም። ደርሶ መልሱ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ቤት ስትገባም እንጨቱ፣ ምድጃውና ጡት የሚጠባው ልጅ ይጠብቋታል።

እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት በዚህ አካባቢ ላሉ መንደሮች ቧንቧ ተዘረጋ። ቦኖ ተተከለ፤ የሦስት ሰዓቱ ጉዞ ወደ 15 ደቂቃ ወረደ። ከብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ቫሪ ጊብሰን፣ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ደግሞ ሩት ሜስ የተባሉ የሥነ ሰብ ተመራማሪዎች ይህን ለውጥ አጠኑት። ቦኖ የገባላቸውንና ያልገባላቸውን እያነጻጸሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የልጆቹንም ክብደትና ቁመት መዘገቡ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሎስ ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት።

የመጀመሪያው ግኝት ሁሉም የጠበቀው ነበር፤ ቦኖ ባለበት የሕፃናት ወርኃዊ የሞት ዕድል በግማሽ ቀንሷል። ሁለተኛውን ግን ቧንቧውን የዘረጉት ሰዎች አላሰቡትም። ቦኖ የቀረበላት ሴት በአንድ ወር ውስጥ የመውለድ ዕድሏ ካልቀረበላት ሴት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው ያሳዝናል፤ በልጆቹ መካከል የምግብ እጥረት ጨመረ። ገበታው ያው ነው፣ ዙሪያውን የሚቀመጠው ግን በዝቷል።

ቧንቧ ውሃ ያመጣል እንጂ ልጅ አያመጣም። ታዲያ ልደቱ ከየት መጣ? በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የሕፃናት ሞት መቀነስ ነው፤ ይህ ግን ነገሩን ወደ ተቃራኒው ይወስደዋል። ሕፃን ሲሞት ጡት ማጥባት ይቋረጥና እናቲቱ ቶሎ ታረግዛለች፤ ሕፃን ሲተርፍ ደግሞ እየጠባ የሚቀጥለውን እርግዝና ያዘገያል። ስለዚህ ሞት ሲቀንስ ልደት መራራቅ ነበረበት። ሴቶቹ የወሊድ መከላከያ ስላቆሙ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2000ው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 8 ብቻ ነበሩ፤ በገጠር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የሚቆም ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ጊብሰንና ሜስ የደረሱበት ማብራሪያ ከእንስራው የተረፈው ጉልበት ወደ መውለድ ዞረ የሚል ነው።

ተመራማሪዎቹ የመዘገቡት ልደትን፣ ሞትንና የሰውነት መጠንን ነው፤ ሆርሞን አልለኩም። በጀርባ ላይ ያለ ሸክም ለማኅፀን እንዴት ወሬ ያደርሳል የሚለውን ለማወቅ ወደ ሌላ ዘመንና ወደ ሌላ አገር ማየት ያስፈልጋል።

ወሬውን የሚያመላልሰው ደም ነው

የእኛ ገበሬ የነገሩን ግማሽ ከጥንት ያውቀዋል። ገበያ ላይ ወጠጤና ሙክት በአንድ ዋጋ አይሸጡም፤ ኮርማና ሰንጋም እንዲሁ። ቆለጡ የተቀጠቀጠ ወይፈን ይገራል፣ ይሰባል፣ ላም ማሳደድ ይተዋል፤ ለእርሻም ለቄራም ይመቻል። ቆለጥ ከዘር በተጨማሪ ጠባይንና አካልን እንደሚገዛ ይህ በቂ ምስክር ነው። በምን መንገድ እንደሚገዛ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1849 በጀርመን ጎቲንገን ከተማ አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ ሐኪም ስድስት ጫጩት አውራ ዶሮዎችን ኮላሸ። ቆለጣቸው የወጣውና እንዲሁ የተተዉት ሲያድጉ ኩክኔያቸው ጠወለገ፣ መጮህም መዋጋትም ተዉ። በሌሎቹ ላይ ግን ቆለጡን መልሶ ሆዳቸው ውስጥ አስቀመጠው፤ እነዚያ እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተዋጉ፣ እንስት አሳደዱ። ሲያርዳቸው ቆለጡ ከአንጀት ጋር ተጣብቆ አዲስ የደም ሥር አብቅሎ አገኘው። ከቀድሞው ነርቭ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ቆለጡ መልእክቱን የሚልከው በደም ውስጥ ነው ብሎ ደመደመ። ሥራው ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ። በደም የሚጓዙት እነዚህ መልእክተኞች ሆርሞን የሚለውን ስም ያገኙት እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1905 ባቀረበው ንግግር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ መልእክተኞቹን አንድ በአንድ የመያዝ ሩጫ ነበር። አሜሪካውያኑ ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይሲ በ1923 ከእንቁላል ማመንጫው የሚወጣ ኢስትሮጅን መኖሩን አሳዩ። ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት በ1931 ከ15,000 ሊትር የወንዶች ሽንት 15 ሚሊግራም ብቻ የሚመዝን የወንድ ሆርሞን አወጣ፤ ይህን ያህል በጣት ጫፍ የሚያዝ ነገር ነው። በ1934 ፕሮጄስትሮን፣ በ1935 ቴስቶስትሮን ነጥረው ወጡ። እነዚህ ሁሉ ግን ከታች ያሉ ሠራተኞች ናቸው። መቼና ምን ያህል እንዲሠሩ የሚያዛቸው ማን ነው?

ትእዛዙ ከላይ ነው

በ1920ዎቹ ፊሊፕ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ የአይጦችን ፒቱታሪ እጢ አወጣ። ይህ ከአንጎል በታች ተንጠልጥሎ የሚገኝ፣ በሰው ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል እጢ ነው። እጢው ሲወጣ የወንዱ ቆለጥም የሴቷ እንቁላል ማመንጫም ሟሸሸ። የፒቱታሪ ሁለቱ ትእዛዝ አድራሾች በኋላ ኤፍኤስኤችና ኤልኤች ተባሉ። ሁለቱም በወንድም በሴትም አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚደርሱበት ቦታ ላይ ነው። ወንድ ላይ ኤልኤች ቆለጡን ቴስቶስትሮን ያሠራዋል፣ ኤፍኤስኤች ደግሞ ከቴስቶስትሮን ጋር ሆኖ ዘሩን ያሳድጋል። አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል።

በሴቷ ላይ ነገሩ ይረቅቃል። ኤፍኤስኤች ጥቂት የእንቁላል ከረጢቶችን ቀስቅሶ ያሳድጋል። ከመካከላቸው አንዱ ሌሎቹን ቀድሞ ያብጥና ኢስትሮጅን በብዛት ያወጣል፤ የማኅፀንም ግድግዳ መወፈር ይጀምራል። ኢስትሮጅኑ በአብዛኛው ፒቱታሪውን ዝም ያሰኘዋል። ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ያህል ከቆየ ግን ነገሩ ይገለበጥና ፒቱታሪው ኤልኤችን በአንዴ ይለቃል። ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ ከረጢቱ ይቀደዳል፣ እንቁላሏ ትወጣለች። ባዶው ከረጢት ወደ ቢጫ እጢ ተለውጦ ፕሮጄስትሮን እያመነጨ ማኅፀኑን ለእንግዳ ያዘጋጃል። እንግዳ ካልመጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጢው ይደክማል፣ ፕሮጄስትሮኑ ይወርዳል፣ የተዘጋጀው ግድግዳ የወር አበባ ሆኖ ይፈስሳል። እርግዝና ካለ ግን ፅንሱ ራሱ ኤችሲጂ የሚባል ሆርሞን ልኮ ቢጫውን እጢ በሕይወት ያቆየዋል። አዳማ ላይ ከፋርማሲ የምትገዛው የእርግዝና መመርመሪያ የምታነበው ይህንኑ መልእክት ነው፤ መልእክቱን በሽንት ውስጥ በማየት እርግዝናን መለየት የተቻለው በ1927 በበርሊን በአሽሃይምና በዞንዴክ እጅ ነበር።

ፒቱታሪም ቢሆን አዛዥ አለው። እንግሊዛዊው ጆፍሪ ሃሪስና ዶራ ያኮብሰን በ1952 የአይጥን ፒቱታሪ አውጥተው መልሰው ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል በታች ተከሉት። የአይጦቹ ዑደት ተመለሰ፣ አረገዙም። ሌላ የአንጎል ክፍል ሥር የተተከለው ግን ሕይወት ቢኖረውም አልሠራም። ስለዚህ ከሃይፖታላመስ በደም ሥር የሚወርድ አንድ ነገር አለ። ይህን ነገር ፍለጋ ሁለት ቡድኖች ለዓመታት ተፎካከሩ። የአንድሩ ሻሊ ቡድን ከመቶ ሺህ በላይ አሳማዎች ሃይፖታላመስ ሰብስቦ፣ የሮጀር ጊዬማን ቡድን ከበጎች ሰብስቦ ፈጨ፣ አጣራ። በ1971 ሻሊና ባልደረቦቹ ጂኤንአርኤች የተባለውን አሥር አሚኖ አሲድ ብቻ ያለውን ሞለኪዩል አወቃቀር አሳወቁ፤ የጊዬማንም ቡድን ብዙ ሳይቆይ አረጋገጠው። ሁለቱ በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ሁሉም ያለቀ መሰለ። ጂኤንአርኤች ለጦጣ በተከታታይ ሲሰጣት ግን ፒቱታሪዋ ከመንቃት ይልቅ ፈዘዘ። ኧርንስት ክኖቢልና ባልደረቦቹ በ1978 ምክንያቱን አገኙ፤ ሆርሞኑ በሰዓት አንድ ጊዜ በአጭሩ ከተሰጠ ሁሉም ነገር ይነሣል፣ ያለማቋረጥ ከፈሰሰ ይዘጋል። እየጣለ እያቆመ የሚዘንብ ዝናብ ሰብሉን እንደሚያሳድገው፣ ሳያባራ የሚወርደው ደግሞ እንደሚያበሰብሰው ማለት ነው። የመውለድ ችሎታ ያለው በዚህ በየሰዓቱ በሚመታው ምት ውስጥ ነው። ምቱ ከዘገየ ኤልኤች ይዘገያል፣ እንቁላል አይበስልም፣ ወይም ቢወጣ እንኳ ፕሮጄስትሮኑ ደካማ ይሆናል።

ምቱ ጉልበትን ያዳምጣል

ምቱን የሚያዘገየው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ዶዶታ መንገድ ይመለሳል።

በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ አን ላውክስ ወጣት ሴቶችን እየመገበችና እያሠራች የኤልኤችን ምት በደም ውስጥ ቆጠረች። በ2003 ባወጣችው ሥራ ከእንቅስቃሴ በኋላ ለሰውነት የሚተርፈው ጉልበት ከስብ ውጪ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ አካል በቀን ከ30 ካሎሪ በታች ሲወርድ ምቱ መዘግየት ይጀምራል። ለዚህ የበቁት አምስት ቀናት ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብላም ጉዳቱን የሚያመጣው እንቅስቃሴው ራሱ ሳይሆን የሚበላው ጉልበት መሆኑን አሳይታ ነበር። በእርሷ ሙከራ ለሠራው የሚመጥን ምግብ ያገኘ አካል ምቱን አልቀነሰም።

ግራዚና ያሼንስካና ፒተር ኤሊሰን ግን በ1998 በፖላንድ ገበሬ ሴቶች ምራቅ ውስጥ ፕሮጄስትሮንን ለኩ። በደንብ የሚበሉ፣ ያልከሱ ሴቶች ነበሩ፤ ሆኖም ከባድ የእርሻ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ ፕሮጄስትሮናቸው ወረደ። ከባድ ሥራ ራሱ ሴት ሳትከሳም እርግዝናዋን ሊያዘገይ እንደሚችል የታየው በዚህ ነው። እንስራ ተሸክማ በየቀኑ ሰዓታት የምትጓዝ የአርሲ እናት ከእነዚህ ሴቶች ይልቅ ምን ያህል እንደምትጎዳ መገመት አያስቸግርም።

አንጎል የጉልበቱን ሂሳብ የሚያነብበትም መንገድ እየታወቀ መጣ። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ስብ የሚያወጣውን ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን አገኙ፤ ሌፕቲን በተፈጥሮ የሌላቸው ሰዎች በአብዛኛው ለአቅመ አዳምና ሔዋን አይደርሱም። በ2003 በፓሪስና በቦስተን የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ኪስፔፕቲን የሚባለው መልእክት ካልተነበበ ጉርምስና እንደማይጀምር አሳወቁ። የሚጠባ ልጅም ምቱን ያዘገያል፤ አዘውትሮ የሚጠባ ሕፃን እናቱን ሌላ ልጅ ሳይመጣ የሚያቆያት በዚህ ነው። ረሃብ ከዚህም ይበረታል። ዴቪድ ሊንድስትሮምና ቤተማርያም ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት በጦርነትና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዘመን በኢትዮጵያ በጋብቻ ውስጥ ያለው ልደት ማሽቆልቆሉን አሳይተዋል።

እንግዲህ የቦኖው ምስጢር ይኸው ነው። አንዲት እናት በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከምናምን ሸክም ሲቀነስላት ያተረፈችው ጉልበት ጊዜ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሃይፖታላመሷ በኩል ወደ ምቱ፣ ከምቱ ወደ እንቁላሉ እንደደረሰ ከላይ ያሉት ሥራዎች ይጠቁማሉ። ወደ ሐኪም አልሄደችም፣ ልጅ ይብዛልኝም አላለችም። አካሏ ግን እንደ ጥሩ ዘመን አነበበው።

ይህን ማወቅ ለማን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ ልጅ ለዘገየባት ሴት ይጠቅማል። በመንደርም በከተማም ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው በሴቷ ላይ ነው፤ መካን ተብላ ትሰደባለች፣ ትዳሯም ይፈርሳል። የምት ሥርዓቱ ግን በባልየውም ውስጥ አለ። ልጅ ካልመጣላቸው ጥንዶች ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ ስለዚህ ምርመራው ከሁለቱም መጀመር አለበት። ጡንቻ ለማውጣት ከውጭ ቴስቶስትሮን የሚወስድ ወጣትም ራሱን እንደሚጎዳ ይወቅ። ካርል ሙርና ዶሮቲ ፕራይስ በ1932 እንዳሳዩት በደም ውስጥ ሆርሞኑ ሲበዛ ከላይ ያለው አዛዥ ትእዛዙን ያቆማል፤ ቆለጡም ዘር መሥራት ይተዋል። ሕክምናም አለ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። እዚያ የሚሰጡት የሆርሞን መርፌዎች የስሚዝ፣ የሻሊና የክኖቢል ሥራ ፍሬዎች ናቸው።

ሁለተኛ፣ የሦስት ወር መርፌ ለምትወስድ እናት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 36ቱ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህ 23ቱ የሚጠቀሙት መርፌውን ነው። መርፌው ፕሮጄስትሮንን የሚመስል ሆርሞን ነው፤ ከላይ ምቱን ያለዝባል፣ ኤልኤች በአንዴ እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ እንቁላልም አይወጣም። ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ሲቀር ደሙ ውስጣችን ተጠራቅሞ ይጎዳናል ብለው ይፈራሉ። የሚጠራቀም ደም የለም፤ ማኅፀኑ ግድግዳውን ስላላወፈረ የሚፈስስ ነገር አልተዘጋጀም። መርፌው ሲቆም እርግዝና ሊዘገይ ይችላል፤ ብዙ ሴቶች ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ወደ 10 ወር ገደማ ይወስድባቸዋል፤ መካን ሆንኩ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከመርፌው በፊት ለእናቲቱ መንገር ከመርፌው እኩል ሕክምና ነው። አሌክሳንድራ አልቨርኝ፣ ሮዝ ስቲቨንስና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እሸቱ ጉርሙ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ሴቶች መከላከያ የሚያቋርጡበት ዋና ምክንያት የጎንዮሽ ስሜቱና መርፌውን ደብቆ የመውሰድ ጣጣ ነው። ደብቃ የምትወስድ ሴት ስትደማ ለማን ትናገር? ባል ያልገባው ነገር በሚስት ላይ ጭንቅ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ መንገድ ለሚቀይሱና ቧንቧ ለሚዘረጉ፣ ወፍጮ ለሚተክሉ ይጠቅማል። ማንም ሰው ከዶዶታ ጥናት ተነስቶ ቦኖ ይቅር ሊል አይገባም። ግማሽ የሞት ዕድል የተቀነሰላቸው ሕፃናት ራሳቸው ምስክር ናቸው፤ እናትም ከዚያ ሸክም መላቀቋ በራሱ ፍትሕ ነው። ነገር ግን የሴትን ቀን የሚለውጥ ሥራ ሁሉ ሆርሞኗንም እንደሚለውጥ አውቆ መጀመር ያስፈልጋል። ቧንቧው በተዘረጋበት ዘመን በብዙ ቀበሌ የጤና ኬላ አልነበረም፤ ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው አሉ፣ መርፌውም በክንድ የሚቀበረውም በእጃቸው ነው። ውሃ ሲገባ የቤተሰብ ምጣኔ ምክሩ፣ የሕፃናት ምግቡና የባሎች ውይይቱ በዚያው ሳምንት አብሮ መግባት አለበት። ልጅ መብዛቱ ወይም ማነሱ የእናቲቱና የባሏ ምርጫ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ምርጫው አካሏ በራሱ ከመወሰኑ በፊት እጇ ላይ መድረስ ይኖርበታል።